የባዝራ ውፍረት፣ የሜታቦሊዝም መታወክና የመውለድ ችሎታ




አንድ የእንስሳት ሐኪም በሥራ ዘመኑ ደጋግሞ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «ይህች ባዝራ ለምን አልፀነሰችም?» የሚል ነው። ባለቤቱ ባዝራዋን እየሳበ ይመጣል፤ ቆዳዋ ያብረቀርቃል፤ ጀርባዋ ሰፊ ነው፤ ጎድኗ አይታይም፤ አንገቷም በጋማዋ ሥር አብጦ ቆሟል። ሦስት ጊዜ ከድንጉላ ጋር ተገናኝታ ሦስቱንም ጊዜ ባዶዋን ቀርታለች። «ምንም አልጎደለባትም፤ ገብሷንም ሣሯንም ጠግባ ትበላለች» ይላል ባለቤቱ፤ ከሐኪሙም የሚጠብቀው አንድ መርፌ ነው። ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ ማሕፀኗንና የዕንቁላል ዕጢዎቿን በእጁ ይዳስስና አንድ የሆርሞን መድኃኒት ወግቶ ያሰናብታታል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር፣ እንዲህ ባለው ጊዜ ምርመራው ከማሕፀኗ ሳይሆን ከአንገቷ፣ ከጎድኗና ከኮቴዋ መጀመር ይኖርበታል የሚል ነው።

በኢትዮጵያ የፈረስ ውፍረት የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ፈረስ ዋነኛ የጦር ኀይል በነበረበት ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» መባላቸው የሚታወስ ነው። የከሳ ፈረስ የባለቤቱን ችግር ወይም ቸልተኛነት ያሳጣል፤ የሰባ ፈረስ ግን የጌታውን ብልጽግና ይመሰክራል። ይህ አስተያየት ዛሬም ከብዙ ሰው ልብ ስላልወጣ «ባዝራህ ወፍራለች፤ መክሳት አለባት» የሚል ሐኪም ምክሩ እንደ ስድብ ሊቆጠርበት ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በአገሪቱ ከሚገኙት የጋማ ከብቶች አብዛኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ ጋሪ የሚስቡ ወይም ጭነት የሚሸከሙ፣ ገለባና ፍሩሽካ የሚቀለቡ፣ ጎድናቸው የሚቆጠር ናቸው። ታዲያ ስለ ውፍረት መነጋገር ቅንጦት አይሆንምን? አይሆንም፤ ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ የባዝራ የመውለድ ችሎታ በክሳትም ሆነ በውፍረት የሚታወከው በአንድ ሥርዐት፣ ማለትም ሰውነት ያለውን ስንቅ ለአንጎልና ለማሕፀን በሚያስታውቅበት ሥርዐት አማካይነት ስለሆነ፣ አንዱን ጫፍ የተረዳ ሌላውንም ይረዳል። ሁለተኛ፣ ለግልቢያ፣ ለውድድርና ለእርባታ በበረት ተይዘው እህል እየተቀለቡ ሥራ የማይሠሩ ባዝሮች አሉ። ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ በዓለም ከፍተኛ የአህያ ቁጥር ካላቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ አህያ ደግሞ ቀጥሎ እንደሚገለጸው ለሜታቦሊዝም መታወክ ከፈረስ ይበልጥ የተጋለጠች እንስሳ ናት።

ከሁሉ አስቀድሞ ስብ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ቀደም ባለው ጊዜ ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ስብ ራሱ እንደ አንድ ዕጢ ሆርሞኖችን ወደ ደም የሚያመነጭ ሕያው አካል መሆኑ ታውቋል። ከእነዚህም አንዱ ሌፕቲን ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ያለውን የስንቅ መጠን ለአንጎል ያስታውቃል። ስንቁ ሲያልቅ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጎልም የመራባትን ሥራ ያቆማል፤ ለራሷ የማይበቃት እናት ለልጅ የምትተርፈው ነገር የላትምና። ስቡ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ከስብ ሕዋሳት የሚወጡት ሌሎች ንጥረ ነገሮች ዝቅተኛና የማያቋርጥ ብግነት ያስከትላሉ፤ ኢንሱሊን በጡንቻና በጉበት ላይ ያለውንም ኀይል ያዳክማሉ።

ኢንሱሊን ኀይሉን ሲያጣ የፈረስ ፓንክሪያስ ይበልጥ ኢንሱሊን በማመንጨት ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራል። በሰው ላይ ይህ ድካም ውሎ አድሮ ወደ ስኳር በሽታ ሲያመራ፣ በፈረስ ላይ ግን ፓንክሪያሱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይዝል ለዓመታት ይቀጥላል። ከዚህም የተነሣ የደም ግሉኮስ መጠን ልክ እንደ ጤነኛ እንስሳ ሆኖ ሲገኝ፣ የኢንሱሊኑ መጠን ግን እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል። ግሉኮስን ብቻ ለክቶ «ጤነኛ ናት» የሚል ሐኪም ስሕተት ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁኔታ «የፈረስ ሜታቦሊክ ሲንድረም» የሚል ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የእንስሳት ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአውሮፓ የፈረስ ውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ የጋራ የባለሙያ መግለጫዎችን አውጥተውበታል። በሁለተኛው መግለጫ መሠረት የሕመሙ ዋና መለያ የኢንሱሊን ሥርዐት መዛባት እንጂ ውፍረት ብቻውን አይደለም። ሁሉም ወፍራም ባዝራ የኢንሱሊን መዛባት የለባትም፤ የኢንሱሊን መዛባት ካለባቸውም መካከል ቀጭን ሰውነት ያላቸው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ውፍረት፣ በተለይም በጋማ ሥር፣ በጅራት ሥርና ከትከሻ በስተኋላ የሚከማች ስብ፣ ሐኪሙን ወደ ምርመራ የሚመራ ዐቢይ ምልክት ነው።

የዚህ መዛባት እጅግ አስከፊው ውጤት ላሚናይቲስ የሚባለው የኮቴ ውስጥ ብግነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውስትራሊያ የታተመ ጥናት፣ ጤነኛ በሆኑ ፖኒዎች ደም ውስጥ ኢንሱሊን ሳይቋረጥ እየተሰጠ ግሉኮሳቸው በመደበኛ መጠን እንዲቆይ ሲደረግ በ72 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ላሚናይቲስ እንደያዛቸው አረጋግጧል። ስለዚህ ከፍተኛ ኢንሱሊን ብቻውን ኮቴን ለማውደም በቂ ነው ማለት ነው። የባዝራን መውለድ አለመውለድ ከመመርመሩ በፊት ሐኪሙ አራቱንም ኮቴዎች ሊያነሣ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ መቆም የተሳናት እናት ፅንስ ብትይዝ እንኳ አሥራ አንድ ወር ተሸክማ ለመድረስ ትቸገራለችና።

ወደ መራባቱ ጉዳይ ሲመጣ፣ ባዝራ የቀኑ ርዝመት የሚቆጣጠራት እንስሳ መሆኗ ይታወቃል። ቀኑ ሲረዝም በጨለማ የሚመነጨው ሜላቶኒን ይቀንሳል፤ አንጎልም የመራባት ሆርሞኖችን ይለቅቃል። በመራቢያው ወቅት ዑደቷ በአማካይ 21 ቀን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ድንጉላ ትፈልጋለች፤ ዕንቁላሏም የሚለቀቀው ይህ ፍላጎት ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ካልፀነሰች ደግሞ በ14ኛው ወይም በ15ኛው ቀን ገደማ ማሕፀኗ ፕሮስታግላንዲን አመንጭቶ በዕንቁላል ዕጢዋ ላይ ያለውን ቢጫ አካል ያፈርሰዋል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙ አገሮች የቀኑ ርዝመት በክረምትና በበጋ መካከል በብዙ ሰዓት ይለያያል። በአዲስ አበባ ግን ከዓመቱ ረጅም ቀን እስከ አጭሩ ቀን ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለሆነም እንዲህ ባለው ስፍራ የብርሃን ድርሻ ሲያንስ የዝናብ፣ የሣርና የሰውነት ይዞታ ድርሻ ይጎላል። በኢትዮጵያ የሚሠራ ሐኪም ባዝራ ለምን እንዳልፀነሰች ሲጠይቅ ከሰማዩ ይልቅ ወደ ግርግሙ ማየት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

የሰውነት ይዞታን ለመለካት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚያገለግለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ዶን ሄኔክ በቴክሳስ ያዘጋጀው ከ1 እስከ 9 የሚደርስ መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ 1 አጥንቷ የወጣ፣ 9 ደግሞ ስቧ የተንጠለጠለ ባዝራ ናት፤ 5 የምትባለው ጎድኗ በዐይን የማይታይ፣ በጣት ሲዳሰስ ግን በቀላሉ የሚገኝ ናት። መለኪያው መጀመሪያ የተሠራው ለመራቢያ ባዝሮች መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በተከታዩ ዓመት የታተመው የዚሁ ቡድን ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ5 በታች ሆነው የወለዱ ባዝሮች እንደገና ለመፅነስ ረዘም ያለ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፤ የፀነሱትም ቁጥር አነስተኛ ነበር። በተጨማሪም በከሳች ባዝራ ላይ በፊንጢጣና በብልት ዙሪያ ያለው ስብ ሲያልቅ ብልቷ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ አየርና ፋንድያም ወደ ማሕፀኗ መግቢያ ያገኛሉ። በኢትዮጵያ ለብዙዎቹ ባዝሮች መካንነት ቅርብ የሆነው ምክንያት ይህኛው ጫፍ መሆኑን ምንጊዜም ማስታወስ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ሌላው ጫፍ ስንመለስ ማስረጃው አንድ ወጥ አለመሆኑን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች ሆን ተብለው እንዲወፍሩ የተደረጉ ባዝሮች ከመካከለኛዎቹ ባላነሰ ሁኔታ እንደፀነሱና በምጥ ጊዜም የተለየ ችግር እንዳልገጠማቸው አሳይተዋል። ከዚህም የተነሣ «ወፍራም ባዝራ ትፀንሳለች» የሚል አባባል በአርቢዎች ዘንድ ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ ከፍተኛ ስብ ያላቸው ባዝሮች ሌሎቹ በሚያርፉበት የክረምት ወራት እንኳ ዑደታቸውን እንደማያቋርጡ አመለከቱ። በሰሜናዊው የዓለም ክፍል የዘር ፈረሶች ዕድሜ ከጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ በዓመቱ መጀመሪያ የሚወለድ ውርንጭላ በውድድር ብልጫ አለው፤ ስለሆነም ይህ ግኝት ለአርቢው እንደ ምሥራች ሊሰማ ይችል ነበር።

ሆኖም የነገሩ ሌላ ገጽ ቀስ በቀስ ተገለጠ። በኬንታኪ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የወፈሩ ባዝሮች ዑደት ከሌሎቹ ይልቅ ይረዝማል፤ የኢንሱሊን ኀይላቸውም የተዳከመ ነው። ከዚያ በፊት በዚያው የምርምር ቡድን በጊዜያዊነት ኢንሱሊን ኀይሉን እንዲያጣ በተደረጉ ባዝሮች ላይም ዕንቁላል ከሚለቀቅበት እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ ረዝሞ፣ ፕሮጄስቴሮንም ጨምሮ ተገኝቷል። የዚህ ትርጉሙ በተግባር ግልጽ ነው። ዑደቷ የተዛባ ባዝራ ድንጉላ የምትቀበልበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ባለቤቱ በ21 ቀን ቆጥሮ ሲያመጣት ጊዜዋ አይሆንም፤ ጊዜዋ ሲሆን ደግሞ ድንጉላው የለም። እንዲህ ያለችው ባዝራ በእውነቱ መካን ሳትሆን መካን ተብላ ትሸጣለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኮሎራዶ የታተመ ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ ዕንቁላሏ አቀረበው። ለመለቀቅ በተቃረበው የዕንቁላል ከረጢት ዙሪያ ባሉት ሕዋሳትና በዕንቁላሏ የስብ ይዘት ላይ በወፈሩትና ባልወፈሩት ባዝሮች መካከል ልዩነት ታይቷል። ዕንቁላሏ ከመለቀቋ በፊት በምትበስልበት ቦታ የእናቲቱ ሜታቦሊዝም አሻራውን ያሳርፍባታል ማለት ነው። ስለዚህ የ1980ዎቹን ዓመታት ጥናትና የዛሬውን ማስታረቅ ይቻላል፤ ስብ ብቻውን ፅንስን አይከለክልም፤ ከስቡ ጋር የኢንሱሊን መዛባት ሲመጣ ግን ዋጋው በዑደቷ፣ በዕንቁላሏ፣ በኮቴዋና በመጨረሻም በልጇ ላይ ይከፈላል።

የልጇ ጉዳይ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። እርግዝና በራሱ ኢንሱሊን በእናቲቱ ሰውነት ላይ ያለውን ኀይል ይቀንሳል፤ ይህም ግሉኮሱ ለፅንሱ እንዲተርፍ የተፈጥሮ ዝግጅት ነው። አስቀድሞ መዛባት ባለባት እናት ላይ ግን ይህ ሸክም በሸክም ላይ ይሆናል። በፈረንሳይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ወፍረው የፀነሱ ባዝሮች ልጆች እስከ 18 ወር ዕድሜያቸው ድረስ የኢንሱሊን ኀይል መዳከም፣ ዝቅተኛ ብግነትና ኦስቲዮኮንድሮሲስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ጉዳት በብዛት እንደታየባቸው አረጋግጧል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከእርግዝናዋ 7ኛ ወር ጀምሮ ከመኖው በተጨማሪ ገብስ የተሰጣት ባዝራ የምትወልደው ውርንጭላ በ6 ወሩ ይኸው የመገጣጠሚያ ጉዳት በይበልጥ እንደሚታይበት ገልጿል። በደጋው ለእርጉዝ ባዝራ የሚሰጠው ትልቁ ምስጋና ገብስ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ግኝት ቸል የሚባል አይደለም። ውርንጭላው ሲወለድ ያማረ ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ የሚታየው በሁለተኛው ዓመት፣ ለጭነት ወይም ለግልቢያ ሲፈለግ ነው። ያን ጊዜ ምክንያቱን ከእናቱ ግርግም ጋር የሚያያይዘው ሰው እምብዛም አይገኝም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የዕድሜ ጉዳይ ይነሣል። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ባለፈ ባዝሮች ላይ በአንጎል ሥር የሚገኘው የፒቱታሪ ዕጢ መካከለኛ ክፍል፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት እየመነመኑ ሲሄዱ፣ ያለ ልጓም ይሠራል። ምልክቱም ጠጉሯ ሳይረግፍ እየረዘመ መሄዱ፣ ጡንቻዋ መመንመኑና ሆዷ መውደቁ ነው። እንዲህ ያለችው ባዝራ የመከላከል ኀይሏ ስለሚዳከም ከስሪያ በኋላ ማሕፀኗ በቀላሉ በተዋሕስያን ይጠቃል። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፐርጎላይድ የተባለው መድኃኒት ፕሮላክቲን የተባለውን የወተት ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ ባዝራዋ ከመውለዷ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ እንዲቋረጥ ይመከራል፤ አለበለዚያ እንገር ያጣ ውርንጭላ ለሞት ይጋለጣል። እንዲሁም ከስሪያ በኋላ የሚመጣውን የማሕፀን ብግነት ለማብረድ አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የኢንሱሊንን መዛባት ስለሚያባብስ፣ ኮቴዋ ለሚያሠጋ ባዝራ ሲታዘዝ ሁለት ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ? መሣሪያው የተሟላ ቤተ ሙከራ በሌለበት ስፍራ እንኳ ሐኪሙ ብዙ ሊሠራ ይችላል። በመጀመሪያ ይዳስስ፤ ጎድኗን፣ የጅራቷን ሥርና አንገቷን በእጁ ይመርምር፤ ያገኘውንም ቁጥር በመዝገብ ያስፍር። በሁለተኛ ደረጃ ይለካ፤ ለዚህም አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዋል። የደረቷ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ዳሌዋ ጫፍ ባለው ርዝመት ተባዝቶ ለ11,880 ሲካፈል ክብደቷ በኪሎ ይገኛል። ለምሳሌ የደረቷ ዙሪያ 150፣ ርዝመቷ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነች ባዝራ 246 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በሦስተኛ ደረጃ፣ የደም ምርመራ የሚገኝ ከሆነ፣ ከግሉኮሱ ጋር ኢንሱሊኑም ይለካ፤ ይልቁንም የተወሰነ የስኳር ሽሮፕ በአፏ ተሰጥቷት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚወሰደው ደም የተደበቀውን መዛባት ያወጣል። የሚገኘው ቁጥር በመለኪያው ዘዴ ስለሚለያይ ሐኪሙ የዚያኑ ቤተ ሙከራ ወሰን መጠቀም አለበት።

ሕክምናው ከመድኃኒት ይልቅ በመኖ ይጀምራል። እህል፣ ፍሩሽካና ሞላሰስ ይቀራሉ። ድርቆሽ በየቀኑ ከክብደቷ 1.5 በመቶ በደረቅ ልክ ይመዘንላታል፤ ከላይ ለተጠቀሰችው ባዝራ ይህ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል ድርቆሽ ማለት ነው። ድርቆሹን በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ በውስጡ ያለውን ስኳር ይቀንሳል፤ ነገር ግን ማዕድናትም አብረው ስለሚታጠቡ መተካት አለባቸው። በሣር ላይ የምትሰማራ ከሆነ የማለዳው ሣር ከቀትር በኋላ ካለው የተሻለ ነው፤ ውርጭ በመታው ሣር ውስጥ ግን ማለዳም ቢሆን ስኳር ሊከማች ይችላል። ኮቴዋ ካልታመመ ሥራ ይሰጣት፤ ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ኀይሉን መልሶ ያገኛልና። በየሳምንቱ ከክብደቷ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ፣ ማለትም ለዚህችው ባዝራ ከ1.2 እስከ 2.5 ኪሎ ብትቀንስ ተገቢ ነው። መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሜትፎርሚን በፈረስ አንጀት ውስጥ በጣም ጥቂቱ ብቻ የሚዋጥ በመሆኑ ጥቅሙ ውሱን ነው፤ በኩላሊት በኩል ስኳርን የሚያስወጡት አዲሶቹ መድኃኒቶች ኢንሱሊንን አጥብቀው ቢቀንሱም የደምን ስብ ሊያንሩ ስለሚችሉና ለእርጉዝ ባዝራ ያላቸው ደኅንነት ስላልተረጋገጠ ለዚህ ጉዳይ የሚመረጡ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ጊዜውን ማወቅ ነው። ክብደት መቀነስ ያለበት ከስሪያው ወቅት ሦስትና አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ባዝራዋ ወደ ድንጉላው ስትቀርብ በመለኪያው 5 ወይም 6 ላይ ደርሳ የተረጋጋች መሆን አለባት እንጂ በረሀብ ላይ መሆን የለባትም።

እዚህ ላይ ለሕይወት የሚያሠጋ አንድ ስሕተት አለ። ባለቤቱ የሐኪሙን ምክር ሰምቶ በቅንነት፣ ነገር ግን በችኮላ፣ የወፈረችውን እርጉዝ ባዝራ መኖ ድንገት ቢከለክል ምን ይሆናል? ሰውነቷ የጎደለውን ለመሙላት ስቡን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ያፈሳል፤ ጉበቷ ይህን ሁሉ ሊያስተናግድ አይችልም፤ የደሟ ውኃ እንደ ወተት ይነጣል። ሃይፐርሊፒሚያ የሚባለው ይህ ሕመም ባዝራዋ መብላት እንድታቆም ያደርጋል፤ አለመብላቷ ደግሞ ተጨማሪ ስብ ያስለቅቃል፤ ካልተገታም እናቲቱንና ፅንሷን ይገድላል። ይበልጥ የሚጠቁት ፖኒዎችና አህዮች፣ በተለይም በእርግዝና መጨረሻና በማጥባት መጀመሪያ ላይ ያሉት ናቸው። ስለሆነም አህያ ለአንድ ቀን እንኳ መኖ ካቆመች አስቸኳይ ጉዳይ ናት፤ ዐይኗን ጨፍና ዝም ብላ ስለቆመች ብቻ ደኅና ናት ሊባል አይገባም። እርጉዝ የሆነች ወፍራም እንስሳ ክብደቷ ባለበት እንዲቆይ ይደረጋል፤ እህሉ በድርቆሽ ይተካል፤ ማክሳቱ ከወለደችና ልጇ ከጡት ከወጣ በኋላ የሚታሰብ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተጠቀሰችው ባዝራ እንመለስ። መርፌው ቢሰጣት ምናልባት በዚያ ወር ዕንቁላሏ ይለቀቅ ይሆናል፤ ምናልባትም ትፀንስ ይሆናል። ነገር ግን መርፌው የአንገቷን እብጠት አያሟሽም፤ ኮቴዋን አይጠብቅም፤ ለውርንጭላዋም ጤናማ መገጣጠሚያ አይሰጥም። ሐኪሙ ባለቤቱን አስቀምጦ ሜትሩን አውጥቶ ቢለካት፣ የባለቤቱን እጅ ይዞ ጎድኗን ቢያስዳስሰው፣ «ያዋረድካት መስሎህ አትዘን፤ ያከበርካት መስሎህ ነው የጎዳሃት» ብሎ በለሰለሰ አንደበት ቢያስረዳው፣ ከሦስት መርፌ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎድኗ የሚቆጠር የጋሪ ባዝራ ይዞ ለሚመጣው ሌላ ባለቤት ደግሞ የሚሰጠው ምክር ተቃራኒው ይሆናል፤ ከሥራ ዕረፍት፣ ተጨማሪ መኖ፣ የጥርስና የጥገኛ ትሎች ምርመራ። ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ በር ገብተው ሁለት የተለያየ ምክር ይዘው ይወጣሉ፤ የሐኪሙ መለኪያ ግን አንድ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንደሚባለው፣ የሆርሞን መድኃኒትም እስከ በሩ ያደርስ እንደሆነ ነው እንጂ ውጊያውን አይዋጋም። ውጊያው የሚካሄደው በግርግሙ ዘንድ ነው። የማኅበሩ አባላት በየተሰማሩበት ጣቢያ የሚመረምሯትን እያንዳንዷን ባዝራና እንስት አህያ የሰውነት ይዞታ ከስሪያዋና ከወለደችበት ቀን ጋር በአንድ ገጽ ላይ መዝግበው ቢይዙ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቴክሳስና ከፈረንሳይ በተገኘው ዕውቀት ላይ የኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የራሱን ድርሻ ሊጨምርበት ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አንድ መዝገብና የማይቸኩል እጅ ነው።